ስፖንሰር ያደረጉትን ልጅና ጧሪ የሌላቸውን እናቶች ለማየት ሲሄዱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በወላይታ የሚኖር የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ድርጅት በኩል በየወሩ እንረዳለን። በሐምሌ ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ስለምንገባ ሳንነግረው ቤቱ ድረስ ሄደን ልናስደስተው አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ? (ባልና ሚስት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሳይነግሩ መሄዱ ይቅር። ልጆችን የሚረዱ ድርጅቶች ስፖንሰርና ልጅን የሚያገናኙት የእንግዳውን ማንነት አጣርተው፣ የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቀውና አብሮ የሚውል ሠራተኛ መድበው ነው። ድንገት የመጣ እንግዳ ከደጅ ቢመለስ ቅር ሊለው አይገባም፤ በሩ ለማንም ክፍት ቢሆን አደጋው የልጁ ነበር። ጥያቄያችሁን በምትከፍሉበት አገር ላለው የድርጅቱ ቢሮ ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ጻፉ። ከወንጀል ነፃ መሆናችሁ የሚጣራው በዚህ ጊዜ ነው፤ አብሯችሁ የሚሄድ አዋቂም ቅጹን ለየብቻው መሙላት ይኖርበታል። በመጨረሻ ሰዓት "እሱም ይምጣ" ተብሎ መኪና ላይ የሚወጣ የአጎት ልጅ ጉብኝቱን ሊያሰርዝባችሁ ይችላል።

ሐምሌ ራሱ አይመችም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጁ አያቶቹ ጋ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ ነው፣ የገጠሩ መንገድም ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አታስቡ፤ እዚያው እደሩና ጠዋት ሂዱ።

ብዙ ሐበሻ የሚዘነጋው ነገር ደግሞ አለ። ልጁ አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው። አማርኛ እንችላለንና አስተርጓሚ አያስፈልገንም ብላችሁ ከሄዳችሁ፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል ያልወደዳችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። የፕሮጀክቱ ሠራተኛ እንዲያስተረጉም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለት ሰዓት ያህል አብሮ መጫወት ይበቃል፤ ልጁን ለብቻው ወደ ሆቴል ወይም ወደ ከተማ ይዞ መውጣት አይፈቀድም። "አሜሪካ እወስድሃለሁ" የሚል ቀልድ ደግሞ ፈጽሞ አይነገር። የውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቢከለከልም፣ ቀልዱን እንደ ቃል ቆጥሮ የሚጠብቅ ቤተሰብ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ለልጁ ምን ይዤ ልሂድ? ስልክና ጫማ ገዝቻለሁ።

መልስ፦ ስልኩን አይውሰዱለት። ልጁን ከድርጅቱ ዕውቀት ውጭ ከእርስዎ ጋር ያገናኘዋል፣ በወንድምና እህት መካከልም ጠብ ያመጣል። ጫማ በዓመት ዕድሜ አይገመትም፤ ሠራተኛው የልጁን እግር ወረቀት ላይ አስቀምጦ በእርሳስ እንዲነድፍ፣ ርዝመቱንም በሴንቲ ሜትር ለክቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይግዙ። ኳስ ከወሰዱ ከነመንፊያውና ከነመርፌው ይሁን፤ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ተንፍሶ ይቀራል። ደብተርና ዩኒፎርም ከአገር ቤት ይገዛል፣ የዩኒፎርም ቀለም በየትምህርት ቤቱ ይለያያልና። ስጦታው እናትየው ለቤቱ ሁሉ የምታካፍለው ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ 12 ሆነን ከዳላስ ወደ ደብረ ብርሃን እንጓዛለን። ባላቸው የሞተባቸውን 30 አረጋውያን እናቶች በሁዳዴ ጎብኝተን ለእያንዳንዳቸው 1 ኩንታል ጤፍ፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ለመስጠት አስበናል።

መልስ፦ ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ይጠናል። ወፍራሙን ምረጡ።

ጤፉ ላይ ግን እንደገና አስቡበት። ለብቻዋ የምትኖር አሮጊት 100 ኪሎ አትሸከምም፣ ወፍጮ ቤት አታደርስም፣ ምጣድ ፊት ቆማም አትጋግርም። እህሉ እጇ ሳይገባ ለተሸካሚና ለአስፈጪ ገንዘብ ትበደራለች። የተፈጨ 25 ኪሎ በየ3 ወሩ ማድረስና ለጎረቤት የመጋገሪያ መክፈል ይበልጣል። ዘይት፣ ሽሮና ምስር ለጾሙ ይሆናሉ፤ ቅቤና የወተት ዱቄት ግን 55ቱን ቀን ታቅፈው የሚቀመጡት ስለሆነ አትውሰዱ። ቀኑን የሚጾሙ ስላሉ ምግብ ይዛችሁ በ6 ሰዓት አትድረሱ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ይሁን።

ከሁሉ የሚከፋው 12 ሰው አንድ ደሳሳ ቤት መግባቱ ነው። እማማ እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኙም፤ ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ቆሎውን በብድር ያመጡታል፣ ዕዳውም እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ይከፈላል። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተከፋፈሉ፤ ቡናና ስኳሩ ከአንድ ቀን በፊት በእድሩ ሰው በኩል ይድረሳቸው። ያቀረቡላችሁን ደግሞ አትለፉ፣ ቅሬታው ከባድ ነው። አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻችሁ "አንቺ" እንዳይሉ "እርስዎ"ን አስቀድማችሁ አስጠኗቸው።

አሁን ገንዘቡን የት እንደምታውሉት። ጧሪ ቀባሪ የሌላት እናት ከራቡ እኩል የምትፈራው የእድር ውዝፍን ነው፤ መዋጮ ካቋረጠች ማን ይቀብረኛል የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳታል። ውዝፉንና የቀጣዩን ዓመት መዋጮ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ከፍላችሁ በስሟ ደረሰኝ አስቆርጡ። ቀጥሎ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወረዳው ባወጣው የእድሳት ወቅት ይከፈላል፤ ወቅቱ ካለፈ ካርዱ አይሠራም። ድሃ ተብለው በነፃ የተመዘገቡ ስላሉ ሁለቴ እንዳትከፍሉ ዝርዝሩን ከቀበሌ ጠይቁ። የማንበቢያ መነጽር ከወሰዱ በዚያ ዕድሜ የሌንስ ቁጥሩ ከ+2.5 እስከ +3 የሆነው ይበዛል፤ ዓይናቸው ላይ ሞራ ያለባቸውን ግን መነጽር አይረዳቸውም፣ የሚያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና ነው። ከቀዶ ሕክምናው ሌላ የመጓጓዣና የአስታማሚ ወጪም ያዙላቸው።

ለ30 ሰው ስትዘጋጁ ለ35 ያዙ። ያልተመዘገበች ጎረቤት መምጣቷ አይቀርም፣ ባዶ እጇን ከተመለሰች ጠቡ ስጦታ ለደረሳቸው እናቶች ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ከምእመናን የሰበሰብነውን 11,000 ዶላር በኪስ ይዘን እንግባ?

መልስ፦ ከአሜሪካ ስትወጡ ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዛችሁ ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ላለማስታወቅ ብሎ ለተጓዦች መከፋፈልም ወንጀል ነው። የሚሻለው በባንክ ወደ ተመዘገበ ድርጅት መላክ ነው። ድርጅቱ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠውን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ያሳያችሁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ ማለፍ አይችልም። ለግለሰብ እጅ በእጅ የሰጣችሁት ከአሜሪካ ግብር አይቀነስም።

ጥያቄ፦ ፎቶስ?

መልስ፦ ስጦታው ሲሰጥ አታንሡ። ከቡናው በኋላ ጠይቃችሁ አንሡ፣ እዚያው አሳዩዋቸው፤ "ይጥፋልኝ" ካሉ አጥፉት። የልጅ ፎቶ ላይ ደረቱ ላይ የተጻፈው የትምህርት ቤት ስም እንዳይታይ፣ የመንደሩም ስም ከሥዕሉ ጋር እንዳይለጠፍ።