ክረምቱ ነው ወይስ ጫቱ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ሲሆን በሐዋሳ ከተማ በግንባታ ሥራ እተዳደራለሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ሰኔ ሲገባ ሰውነቴ ይከብደኛል፤ ሰው ማየትም ያስጠላኛል። ዝናቡ ሥራ ሲያስፈታን ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ እጠጣለሁ። መስከረም ሲጠባ ይሻለኛል። እኅቴ «ሱስህ ነው» ትለኛለች፤ እኔ ግን ክረምቱ ነው ባይ ነኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕመምዎን ሳይሸሽጉ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ወቅት እየጠበቀ የሚመላለስ ድብርት በእርግጥ አለ። ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 በስም ለይተው የገለጹት ሲሆን፣ በብዛት የሚታየውም ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች፣ በብርዱ ወራት ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ጊዜ ነው። ስቶክሆልም በታኅሣሥ የምታገኘው የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሐዋሳ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እንዲያውም ሰኔና ሐምሌ ከታኅሣሥ ይልቅ ቀናቸው ረዘም ያለ ነው።

ስለዚህ ብርሃኑን ያሳጣዎት ደመናው ብቻ አይመስለንም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዓይነት ጠባይ ስላለው ለጊዜው ያነቃቃል፤ ምርቃናው ሲበርድ ግን ስሜትን ያወርዳል፣ እንቅልፍንም ይነሳል። ለጨብሲ የሚወስዱት መጠጥ ደግሞ ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል፣ በተደጋጋሚ ሲወሰድም ድብርትን ያባብሳል። እንዲህ ያደረ ሰው ረፋዱን ተኝቶ ያሳልፋል፤ ከሰዓት በኋላም በዝግ ቤት ለመቃም ይቀመጣል። ማለዳውን ሳያየው ቀኑ ይመሻል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሥራ በሚቀዘቅዝበትና የገቢ ጭንቀት በሚበረታበት ወቅት መሆኑን አንዘነጋም። ክረምቱ በር ከፍቶ ይሆናል፤ ድብርቱን እቤት ያቆየው ግን ጫቱና አረቄው ነው የሚል ግምት አለን፤ በዚህ እኅትዎ ወደ እውነቱ የቀረቡ ይመስለናል።

ይህን የሚለየው ሐኪም ነው፤ ሐኪሙም ድብርቱ ከሱሱ በፊት መጀመሩን፣ ጫቱና መጠጡ ለሳምንታት ከቆሙ በኋላም መቀጠል አለመቀጠሉን ይጠይቅዎታል። ይህ ማለት ግን ዛሬውኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያቁሙ ማለት አይደለም። በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነና ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልብዎት ከሆነ፣ መጠጥን በድንገት ማቋረጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥና ቅዠት ሊያስከትል፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ስለሚችል በሕክምና ክትትል እንዲያቆሙ አጥብቀን እንለምንዎታለን።

እስከዚያው ድረስ፣ ማታ ቢያመሹም እንኳ፣ ጠዋት በአንድ የተወሰነ ሰዓት ይነሡ፤ ዝናቡ ጋብ ሲልም በሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል ይራመዱ። ደመና የሸፈነው ሰማይ እንኳ ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ብርሃን ይሰጣል። የመሞት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ለእኅትዎ ነግረው፣ አብረዋት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።