ከመፈረምሽ በፊት፦ ልጁን ማን ይይዛል?

በአሜሪካ አርሚ (ምድር ጦር) ሳጅን ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከቅዳሴ በኋላም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ወጣት ሴቶች ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እትዬ፣ ልጅ አለኝ፤ የማሳድገው ብቻዬን ነው። ሚሊተሪ ብገባስ?» ለእያንዳንዷ በተናጠል ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ብቻችሁን የምታሳድጉ አባቶችም አላችሁና ነገሩ ለእናንተም ያው ነው።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አይጠፋኝም። በዲቪ መጥታ፣ ቀን ፓርኪንግ ማታ ነርሲንግ ሆም እየሠራች፣ ያገኘችውን ለልጅ ጠባቂ የምትከፍል ሴት ለራሷና ለልጇ ነፃ ሕክምና፣ የቤት አበልና ቋሚ ደሞዝ ሲባልላት ልቧ ቢሄድ አይፈረድባትም። ግሪን ካርድ ካላት በአገልግሎቷ የዜግነት ማመልከቻዋን ያለ ክፍያ ታስገባለች። የጂ አይ ቢል የትምህርት ድጎማ እስከ 36 ወር ይደርሳል፤ 6 ዓመት አገልግላ ሌላ 4 ዓመት ለመጨመር ከፈረመች ለልጇ ልታስተላልፈው ትችላለች። ይህን ሁሉ «በገንዘብ ተታለው ነው» እያለ የሚያጣጥል ሰው ብቻውን የቤት ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

በሩ ግን ለሁሉም እኩል አይከፈትም። መደበኛው ጦር ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻዋን የምታሳድግን ሰው ሲቀበል የኖረው በልዩ ፈቃድ ነው፤ አርሚው፣ ኔቪው (ባሕር ኃይሉ)፣ ማሪኑ የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ደንቡም ሰው ሲያጥር ይላላል፣ ሲበዛ ይጠብቃል። አርሚው እ.ኤ.አ. በ2022 ሊመለምል ካቀደው 60,000 ሰው 15,000 ያህል ጎድሎበት ነበር፤ እንዲህ ባለው ዓመት የሚሰማው መልስና በጥጋብ ዓመት የሚሰማው አንድ አይደለም። ስለዚህ የጎረቤትሽ ልጅ በገባችበት መንገድ እገባለሁ ብለሽ አትነሺ። ሪክሩተሩን (መልማዩን) ስለዛሬው ደንብ ጠይቂው፣ የሚነግርሽንም በጽሑፍ አስሰጪው። ናሽናል ጋርድና ሪዘርቭ የሚባሉት የትርፍ ጊዜ ጦሮች ለብቻቸው የሚጠየቁ ናቸው፤ አገልግሎታቸው በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ነው ቢባልም ቤዚኩ (የመጀመሪያው የወታደር ሥልጠና) በአርሚው በኩል ለእነሱም ያው 10 ሳምንት ነው። ከዚያ የሙያ ሥልጠናው ይቀጥላል፤ እሱ እንደ ሙያው ከሳምንታት እስከ ዓመት ይሄዳል። ጋርድ ስለሆንሽ ደግሞ ባሕር ማዶ አትላኪም ማለት አይደለም።

አንድ ምክር በጆሮሽ ሹክ የሚልሽ አይጠፋም፦ «ልጁን ለጊዜው በፍርድ ቤት ለእናትሽ አስተላልፊው፣ ከገባሽ በኋላ ትመልሺዋለሽ።» ይህን የሚልሽ ሰው ችግሩ ሲመጣ አብሮሽ አይቆምም። የአሳዳጊነት መብት አስተላልፎ የሚገባ ሰው፣ ያስተላለፈው ለመግቢያ ብሎ እንዳልሆነ ይፈርማል። በመጀመሪያው ውል ዘመን ልጁን መልሰሽ ከወሰድሽ በማጭበርበር እንደገባሽ ሊቆጠር ይችላል። በውትድርና የተገኘ ዜግነት ደግሞ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግሉ በመጥፎ ስንብት ከወጡ ሊነጠቅ የሚችል ነው። ለወረቀት ብለሽ ገብተሽ ወረቀቱንም ልጁንም ጥያቄ ውስጥ መክተት ይሉሻል ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብቻውን የሚያሳድግ ወታደር ሁሉ «ፋሚሊ ኬር ፕላን» (የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ) የሚባል ዶሴ ይኖረዋል። ባልና ሚስት ሁለቱም ወታደር ቢሆኑ ለእነሱም ግዴታ ነው። ዶሴው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈለጋል፦ አንዱ ቅርብ የሚኖር፣ ድንገት ስትጠሪ በማንኛውም ሰዓት ልጁን የሚረከብ፤ ሌላው ደግሞ ለወራት ስትሄጂ ልጁን ወስዶ የሚያኖር። ሁለቱም ፈርመው ይቀበላሉ፤ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት የሚያስኬድ ውክልና ይሰጣቸዋል፤ የልጁ አባት በሕይወት ካለ፣ ብትጣሉም እንኳ፣ ጉዳዩን እንዲያውቅና እንዲስማማ ይጠየቃል። በየዓመቱ ይታደሳል። ዶሴውን ማቅረብ ያልቻለ ወታደር ከሠራዊቱ ሊሰናበት ይችላል።

የብዙዎቹ ዶሴ ግን ለአለቃ ዓይን የተሠራ ነው። ፕላቱን ሳጅን ሳለሁ ከመላካችን በፊት የወታደሮቼን ዶሴ አገላብጥ ነበር። አንዷ ጎበዝ ልጅ፣ ሁሉንም ፎርም አሟልታ፣ በፕላስቲክ ሸፍና አመጣችልኝ። ስልኩን አንስቼ ተረካቢ ተብላ የተጻፈችው ሴት ጋ ደወልኩ። «ማን ነኝ አልሽኝ?» አለችኝ። ልጁን ታውቀዋለች፣ የክርስትና እናቱ ናት። ወረቀቱም ላይ ፈርማለች። የፈረመችው ግን «ለሥራዬ ነው፣ ምንም አይደለም» ተብላ ነው። እሷም ሌሊት ፈረቃ የምትሠራ፣ በአንድ ክፍል ሦስት ልጅ የምታሳድግ ነበረች። ወታደሯ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የጠየቀችው ሰው ሁሉ «እኛ እያለን!» ስላላት አምና ነው። እኛ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ነን። «እኛ እያለን» ማለት አይከብደንም፤ ማክሰኞ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት በር ሲንኳኳ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው የእኛ ችግር አያት ናት። «እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ትይዝልኛለች» ትሉኛላችሁ። በጉብኝት ቪዛ የመጣች እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትቆየው ስድስት ወር ነው፤ የባሕር ማዶ ግዳጅ ዘጠኝ ወር ሲሆን ቀሪውን ማን ይሞላል? ቤዚክና የሙያ ሥልጠናሽ ሲያልቅ ቪዛዋም አልቆ፣ አንቺ አዲስ ምድብ ቦታሽ የደረስሽ ቀን እሷ ቦሌ ልትሆን ትችላለች። «እንግዲያው ልጁን አገር ቤት እልከዋለሁ» የምትይም አለሽ። ልጁ እዚህ የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ በወረቀቱ በኩል ችግር የለም። ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆየ መኖሪያውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል፤ ከመሄዱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ጉዳይ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ጨርሺ፣ ከአየር መንገድ ትኬት ሻጭ ጋር አይደለም።

ከገባሽ በኋላ ያለው ኑሮ ደግሞ የሰዓት ኑሮ ነው። ጠዋት በአሜሪካ አቆጣጠር 6፡30 ለስፖርት ትሰለፊያለሽ። ካምፑ ውስጥ ያለው የሕፃናት ማቆያ በሩን ቀደም ብሎ ይከፍታል፣ ክፍያውም በቤተሰቡ ገቢ ልክ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ብዙ ሰው ሲጠቀምበት አይቻለሁ። ነገር ግን ወረፋ አለው፤ ምድብሽን ባወቅሽበት ቀን ተመዝገቢ። ልጁን ትኩሳት ከያዘው ደውለው «ነይና ውሰጂው» ይሉሻል፤ አንቺ ተኩስ ሜዳ ላይ ልትሆኚ ትችያለሽ። ጥሩ አለቃ ካለሽ ያግዝሻል። አለቃ ግን ይቀያየራል። ሠራዊት ውስጥ ሳሉ ለሚወልዱ ነገሩ ካለፈው ይሻላል፦ 12 ሳምንት የወላጅነት ፈቃድ አለ፤ አርሚው ውስጥ ደግሞ የወለደች እናት ለአንድ ዓመት ወደ ግዳጅ አትላክም።

ወረቀት ላይ ሁለት ነገር አትርሺ። የሕይወት ኢንሹራንሱ እስከ 500,000 ዶላር ይደርሳል፤ የልጅሽን ስም ብቻ ጽፈሽ ከተውሽው ገንዘቡ ለሕፃን በቀጥታ ስለማይከፈል ፍርድ ቤት ሞግዚት እስኪሾም ይንገላታል። ማን እንደሚይዝለት አስቀድመሽ በካምፑ የሕግ ክፍል አጽፊ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ግዳጅ ላይ ሳለሽ የልጁ አባት የአሳዳጊነት ክስ ቢያነሳም የፌዴራሉ ሕግ ጉዳዩ እንዲዘገይ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል፤ መቅረትሽ ብቻውን ልጁን ለዘለቄታው የሚያስወስድብሽ ምክንያት እንዳይሆንም ይከለክላል። ይህንንም ውክልና ለሰጠሻት ሴት ንገሪያት፣ መጥሪያው የሚደርሰው እሷ ቤት ሊሆን ይችላልና።

ሪክሩተሩ ጋ ከመሄድሽ በፊት ያቺን ልጅሽን የምትይዝልሽን ሴት ቤቷ ሄደሽ አግኚያት። ቡናው ይፈላ፣ ግን ወሬው የእውነት ይሁን። በወር ስንት ትልኪላታለሽ? ልጁ ሐኪም ቤት ቢገባ ማን ይወስናል? የእሷ ባል ምን ይላል? ልጁስ የት ይተኛል? ገንዘብ ማንሳት ነውር መስሎሽ አትዝለዪው፤ ወዳጅነት ሲበላሽ ያየሁት ባልተነገረ ገንዘብ ነው። ልጁን ደግሞ ለሁለት ሳምንት እሷ ጋ አሳድሪውና እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠይቂ። ሁለቱም እሺ ካሉሽ ሂጂ። አንዳቸው ካንገራገሩ ሪክሩተሩ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ቢሮ ታገኚዋለሽ።