ፈራሚው መንግሥት፣ ፈጻሚው ማዘጋጃ ቤት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምሠራው በአራዳ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው። ሰሞኑን ካዛንቺስ በተሰጠን ሥልጠና ላይ አሠልጣኛችን የአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ አገሮችን ከመቀበሉ በፊት ክልሎችና ከተሞች መዘጋጀት እንዳለባቸው ደጋግመው ሲናገሩ ሰማሁ። አባልነት በመንግሥታት መካከል የሚፈረም ውል ስለሚመስለኝ ነገሩ ግልጽ አልሆነልኝም። ደቡብ ሱዳን በ2011 የአፍሪካ ኅብረት አባል ስትሆን፣ ሞሮኮም በ2017 እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደው ጉባኤ ወደ ኅብረቱ ስትመለስ፣ ለዚሁ ብሎ የተዘጋጀ ከተማ መኖሩን አልሰማንም። ለመሆኑ ማዘጋጃ ቤት በዚህ ጉዳይ ምን አገባው? ዝግጅት የሚባለውስ በተግባር ምንድን ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ያነሡት ንጽጽር ለጉዳዩ ጥሩ መግቢያ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአፍሪካ ኅብረት አባል መሆን የሚፈልግ አገር ፍላጎቱን ለኮሚሽኑ ያሳውቃል፣ አባል አገሮችም በአብላጫ ድምፅ ይወስናሉ፤ የከተሞቹ የፍሳሽ መስመር የት እንደደረሰ ወይም የግዥ ደንባቸው ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን በአባል አገሮች ውስጥ በሥራ ላይ የሚውል፣ ከአገር ውስጥ ሕግም በላይ የሚቆም በመሆኑ፣ በ1993 ኮፐንሃገን ላይ የወጡት የመግቢያ መመዘኛዎች ከዴሞክራሲና ከገበያ ኢኮኖሚ ቀጥሎ አመልካቹ አገር የአባልነትን ግዴታዎች ለመወጣት ዐቅም እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወርደው ይህ ሦስተኛው መመዘኛ ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። የ1991ዱ የከተማ ፍሳሽ ሕግ፣ ከ2,000 ነዋሪዎች የሚወጣውን ያህል ፍሳሽ የሚያመነጭ ሰፈር ሁሉ የፍሳሽ መሰብሰቢያና ማጣሪያ እንዲኖረው ያዝዛል። ሩማኒያ በ2007 ስትገባ ይህን ለማሟላት እስከ 2018 የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቷታል። ውሉን የፈረመው የአገሪቱ መንግሥት ነው፤ መሬቱን አስለቅቆ፣ ጨረታ አውጥቶ፣ ቧንቧውን ማስቀበር፣ ከዚያም ነዋሪውን የአገልግሎት ክፍያ ማስከፈል የነበረበት ግን በጀቱ አነስተኛ የሆነው የትንሽ ከተማ ከንቲባ ነው። አባል ለመሆን የሚደረገው ድርድር ከተከፈለባቸው 35 ምዕራፎች መካከል የአካባቢ ጥበቃው፣ የመንግሥት ግዥውና የትራንስፖርቱ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ዕጣ አላቸው። 22ኛው ምዕራፍ ደግሞ በቀጥታ ስለ ክልል ልማት ፖሊሲ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ለመዘጋጀት ግድ ይላል። ከኅብረቱ በጀት ሲሶ ያህሉ የሚውለው በክልሎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ ሲሆን፣ ትልቁን ድርሻ የሚያገኙት የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከኅብረቱ አማካይ 75 በመቶ በታች የሆኑ ክልሎች ናቸው። ድልድሉ በክልል ስለሚሰላ ገንዘቡን ተቀብሎ ማስተዳደር የሚችል የክልል አስተዳደር ያስፈልጋል። ፖላንድ ኅብረቱን ከመቀላቀሏ አምስት ዓመት ቀድማ፣ በ1999፣ 49 የነበሩትን ክፍለ ሀገሮቿን ወደ 16 ያወረደችውና የተመረጠ ምክር ቤት የሰጠቻቸው ለአውሮፓ ብላ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም በኋላ የመጣውን ገንዘብ ማስተናገድ የቻሉት እነዚሁ ትልልቆቹ ክልሎች ናቸው።

በእኔ አስተያየት ከሕግ ማስማማቱ ይልቅ የሚከብደው የባለሙያ እጥረት ነው። ኅብረቱ በድሃ ክልሎች ውስጥ የአንድን ፕሮጀክት ወጪ እስከ 85 በመቶ ሊሸፍን ይችላል፤ ቀሪው ግን ከራስ ኪስ የሚወጣ ነው፣ አብዛኛው ክፍያም የሚለቀቀው ሥራው ተሠርቶ ሒሳቡ ከተወራረደ በኋላ ነው። የአዋጭነት ጥናት፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ የይዞታ ማረጋገጫና የጨረታ ሰነድ አሟልቶ ያላቀረበ ከተማ የተመደበለት ገንዘብ ጊዜው አልፎበት ሊመለስ ይችላል (እንዲህ ያለውን ነገር እርስዎም በበጀት መዝጊያ ወቅት ሳያውቁት አይቀሩም)። ቡልጋሪያ ከገባች በኋላ በ2008 በአስተዳደር ጉድለትና በማጭበርበር ጥርጣሬ የተነሣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ታግዶባታል። ለዚህም ነው በ1989 ለፖላንድና ለሀንጋሪ የተጀመረው ፋሬ የተባለው መርሐ ግብርም ሆነ ዛሬ ለእጩ አገሮች የሚሰጠው የቅድመ አባልነት ድጋፍ መንገድና ማጣሪያ ከመሥራት ባሻገር በትንሽ ገንዘብ አሠራሩን ማለማመጃ እንዲሆን የሚፈለገው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ወገን፣ ቀድሞ በውስጥ ያለው ክልል ነው። በ2004 አሥር አገሮች በአንድ ጊዜ ሲገቡ የኅብረቱ አማካይ ገቢ ዝቅ አለ፤ በዚህም የተነሣ እንደ ስፔኖቹ አስቱሪያስና ሙርሲያ ያሉ ክልሎች፣ የነዋሪዎቻቸው ኑሮ ምንም ሳይጨምር፣ በስሌቱ ብቻ ከ75 በመቶው መስመር በላይ ተገኙ፣ እርዳታቸውም ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ ተወሰነ። የዩክሬን ሰፊ የእህል መሬት ወደ ኅብረቱ ሲገባ ምን እንደሚመጣ የሚሰጉም አሉ፤ የፖላንድ ገበሬዎች በ2024 መጀመሪያ ላይ የድንበር መተላለፊያዎችን የዘጉት አባልነቱ ሳይደርስ፣ ገና የእህሉ ንግድ ሲከፈት ነው። ስለዚህ በድንበር ላይ ያሉ ክልሎች ማን ምን እንደሚያጣ አስቀድመው እንዲያሰሉ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ብራሰልስ የሚገኘውና በ1994 ሥራ የጀመረው፣ 329 አባላት ያሉት የክልሎች ኮሚቴ ይህን ድምፅ ያሰማል፤ ይሁን እንጂ ሥልጣኑ በአብዛኛው አስተያየት ከመስጠት አያልፍም።

ለሥራዎ የሚሆን ነገር ከፈለጉ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ስለ እያንዳንዱ እጩ አገር በየዓመቱ የሚያወጣውን ሪፖርት ቢያነቡ ይጠቅምዎታል። ከ2012 ጀምሮ ስትደራደር የቆየችው የሞንቴኔግሮ ሪፖርት ስለ 22ኛው ምዕራፍ በሚናገርበት ክፍል ስለ ሠራተኛ ዐቅም፣ ስለ ፕሮጀክት ዝግጅትና ስለ ቁጥጥር በየዓመቱ የተጻፈውን ጎን ለጎን አድርገው ቢያስተያዩ፣ የትኛው ጉድለት ቶሎ እንደሚስተካከል፣ የትኛውስ ዓመታት እንደሚፈጅ ከየትኛውም የሥልጠና ጽሑፍ በተሻለ ይረዳሉ።