የካርቶን አንቴና ሲቪ ላይ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። በርካሽ ዕቃ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሠርቼ የጋላክሲያችንን ሃይድሮጅን ማጥናት አምሮኛል። ጓደኞቼ ግን «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ሥራ አያስገኝልሽም» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው። እ.ኤ.አ. በ1951 ከጋላክሲያችን ሃይድሮጅን የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሃሮልድ ኢወን የዶክትሬት ተማሪ ነበር። አማካሪው ኤድዋርድ ፐርሰል ነበሩ። አንቴናው ደግሞ ከእንጨት ተሠርቶ መዳብ የተለበጠ፣ በሃርቫርድ ላብራቶሪ መስኮት ብቅ ያለ ትልቅ ቀንድ ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ ያንቆረቁረው ነበር አሉ!

ላንቺ ካርቶንና የአሉሚኒየም ፎይል ይበቃሻል። ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ የኤስዲአር መቀበያ (ሞገዱን በሶፍትዌር የሚያነብ ሬዲዮ)፣ ማጣሪያና ማጉያ ጨምሪበት። ብር ካጠረሽ ሌላው ላይ ቆጥቢ፣ ማጉያው ላይ ግን አትሰስቺ። አንቴናው ሥር ግጠሚው። ረጅም ኬብል ያዳከመውን ሞገድ በኋላ ብታጎዪው ጫጫታውም አብሮ ያድጋል።

አሁን ወደ ሥራው ጉዳይ። የሃይድሮጅኑ ሞገድ በሚገኝበት በ1420.4 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ግራፍሽ ላይ ጉብታ ታያለሽ እንበል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግሽ ሰው ነገረኛ ከሆነ (ጥሩዎቹ ነገረኞች ናቸው) «ከራስሽ ላፕቶፕ አለመምጣቱን በምን አወቅሽ?» ይልሻል። መልስሽ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። አንቴናውን አንዴ ወደ መሬት፣ አንዴ ወደ ሰማይ አዙረሽ አወዳድሪ። ከዚያ አንድ ቦታ ተክለሽው ቀናት ቆዪ። መሬት ስትዞር ፍኖተ ሐሊብ (ጋላክሲያችን) በአንቴናሽ ፊት ያልፋል፤ ጉብታውም በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመጣል። ላፕቶፕ የከዋክብትን ሰዓት አያውቅም። ጋዙ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ሲቀርብ ወይም ሲርቅ ደግሞ ሞገዱ 4.7 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ይዛወራል፤ ፍጥነቱን የምታገኚው ከዚህ ነው።

ሲቪሽ ላይ «ቴሌስኮፕ ሠራሁ» ብለሽ አትለፊው። «የ1420 ሜጋ ኸርዝ መቀበያ ሠርቼ፣ ካሊብሬት አድርጌ፣ የሃይድሮጅን ጋዝ ፍጥነት ለካሁ» በዪ። ይህን ቴሌኮምም፣ ሳተላይትም፣ ራዳርም ላይ የሚሠራ ሰው ይረዳዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሥራ ራሱ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ማስተርስና ዶክትሬት ይጠይቃል።

ያልሠራውንም ሁሉ ከነቀኑ መዝግቢ። መጀመሪያ ላይ ምንም ላታዪ ትችያለሽ። ያኔ ከሁሉ አስቀድመሽ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪ።