ኒውትራል ሲበጠስ ትይዩው ተከታታይ ይሆናል፦ ለባሕር ዳር ወጣት ኤሌክትሪሺያኖች

ውድ ልጆቼ፣

ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኮሬንት) እና ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ)፣ ተከታታይና ትይዩ፣ ነጠላ ፌዝና ሦስት ፌዝ እያላችሁ ሰርኪትን ስትከፋፍሉ ለፈተና ብቻ አትሸምድዱት። ክፍፍሉ ሥራ ላይ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። የትኛው መከላከያ እንደሚቆርጥ፣ የትኛው ዝም ብሎ እንደሚያይ የምታውቁት በእሱ ነው።

ከምንጩ ልጀምር። ከጢስ ዓባይም ይምጣ ከጣና በለስ፣ ቆጣሪያችሁ ጋ የሚደርሰው መብራት 50 ሄርዝ ኤሲ ነው፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ በዜሮ ያልፋል። ብሬከር ሲከፈት በመካከሉ የሚነሣው አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የሚጠፋው በዚያ ዜሮ ነው። የሶላር ዲሲ ደግሞ ዜሮ የለውም። 45 ቮልት የሚሰጡ ሦስት ፓነሎችን በተከታታይ አያይዛችሁ 135 ቮልት ስታገኙ፣ ለቤት የተሠራ የኤሲ ብሬከር ከገባበት አርኩ ሳይጠፋ ቀርቶ ብሬከሩን ሊያቀልጠው ይችላል። ብሬከሩ ላይ የዲሲ ቮልቴጅ ካልተጻፈ ለዲሲ አትግዙት። ደግሞም ያ 45 ቮልት ሴሉ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሳለ የተለካ ነው፤ በብርዳማ ጠዋት ከዚያ ይበልጣል። ከፓነል ወደ ባትሪ የሚሄደውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የሚችለው 140 ቮልት ከሆነ ሦስቱን በተከታታይ ማሰር ቁማር ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት ክፍፍል የቮልቴጅ ምንጭና የኮሬንት ምንጭ የሚለው ነው። ባትሪ የቮልቴጅ ምንጭ ነው፤ ጤንነቱ የሚታወቀው ሲጫን ነው። ያለ ጭነት 12.6 ቮልት አሳይቶ 20 አምፔር ሲሳብበት 11.4 ከወረደ፣ የጎደለውን 1.2 ለ20 አካፍሉት፤ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.06 ኦም ነው። ጭነት ሳይሰጡ ቴስተር ነክቶ «ባትሪው ደህና ነው» ማለት የትም አያደርስም። ፓነል ግን በአብዛኛው የኮሬንት ምንጭ ጠባይ አለው። ሁለቱ ጫፎቹ ሾርት ቢያደርጉ የሚፈሰው ከሥራ ኮሬንቱ በጥቂት በመቶ ብቻ ይበልጣል። ባትሪ ላይ ወዲያው የሚበጠሰው ፊውዝ እዚህ አይበጠስም፤ ፀሐይ እስካለች ሾርቱ ይቀጥላል፣ ሽቦውም ይግላል።

አሁን ብዙ ዕቃ ወደሚያቃጥለው ጉዳይ ልምጣ። በሦስት ፌዝ መስመር ከፌዝ (ኃይል ከሚያመጣው ሽቦ) እስከ ፌዝ 380፣ ከፌዝ እስከ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) 220 ቮልት ነው። ጎረቤታሞች በተለያየ ፌዝ ላይ ሆነው በጋራ ኒውትራል ይጠቀማሉ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከፌዝና ከኒውትራል ጋር በትይዩ ነው፣ ሁሉም 220 ያገኛል። የጋራው ኒውትራል ከተበጠሰ ግን ያ ትይዩ ይፈርሳል። በአንዱ ፌዝ 1000 ዋት፣ በሌላው 250 ዋት ተሰክቷል፣ ሦስተኛው ባዶ ነው እንበል። ሬዚስታንሳቸው 48.4 እና 193.6 ኦም ነው። ኒውትራሉ ሲሄድ ሁለቱ በተከታታይ 380 ቮልት ላይ ይቀራሉ። ድምሩ 242 ኦም፣ ኮሬንቱ 1.57 አምፔር ብቻ ነው። 1000 ዋት ያለው ቤት 76 ቮልት፣ 250 ዋት ያለው 304 ቮልት ይደርሰዋል። የሚቃጠለው ጥቂት የተጠቀመው ሰው ቴሌቪዥን ነው! ብሬከሩም አይቆርጥም፤ እሱ የሚያውቀው ኮሬንትን ነው፣ 1.57 አምፔር ደግሞ ለእሱ ምንም አይደለም።

ምልክቱን ልብ በሉ፦ በአንድ ግቢ የአንዱ አምፖል ሲፈዝ የሌላው ከልክ በላይ ይደምቃል። ያኔ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያልጠበቀ ብሎን ወይም አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ የተጠመዘዙበት መጋጠሚያ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ቶሎ ይበላል፣ በሐይቁ ዳር ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። ለሁለቱ ብረት የተሠራ ማያያዣ ተጠቀሙ። ኒውትራል ላይ ብቻውን ፊውዝ አታስገቡ። ሦስቱ ፌዝ የኮምፒውተርና የኤልኢዲ ጭነት ከበዛባቸው ኒውትራሉን ከፌዙ አታቅጥኑ፤ የእነዚህ ዕቃዎች 150 ሄርዝ ኮሬንት ኒውትራል ላይ ይደመራል እንጂ እርስ በርሱ አይጠፋፋም።

«መሬታችን እርጥብ ስለሆነ ግራውንዱ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ሂሳቡን ሥሩ፦ ፌዝ የፓምፑን ገላ ቢነካና መሬት ውስጥ የተተከለው የግራውንድ ዘንግ 10 ኦም ቢሆን 220 ለ10፣ 22 አምፔር ነው። 32 አምፔር ብሬከር ይህን አይቆርጠውም፤ የፓምፑ ገላ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቀመጣል። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ (ኮሬንት ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ) አስገቡ።

የጭነት ዓይነትም ይለያያል። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ቮልቴጁ 180 ሲደርስ ኃይሉ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል፤ እንጀራው ይዘገያል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም። ከጣና ውኃ የሚስበው ሞተር ግን በዚያው 180 ቮልት ሥራውን ለመጨረስ ተጨማሪ ኮሬንት ይስባል፣ ጠመዝማዛውም ይግላል። የኦቨርሎድ ሪሌይን (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚቆርጠውን) ሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ አስተካክሉ። ደጋግሞ ቆረጠ ብላችሁ ወደ ላይ አታዙሩት፤ መጀመሪያ ሦስቱንም ፌዝ ለኩ፣ አንዱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ የሚያወጣው ውኃ ካነሰ ተገልብጦ እየዞረ እንዳይሆን እዩ፣ ከሆነ ማናቸውንም ሁለት ፌዝ አቀያይሩ። የመብራት መስመርና ሶላር አንድ ላይ ያለበት ቦርድ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ላይ በትልቁ «ሁለት ምንጭ አለው» ብላችሁ፣ የሁለቱን ማጥፊያ ቦታ ጽፋችሁ ለጥፉ።