መልስ፦ ጋማው ንጹህ ከሆነ ራዶኑን ለምን እንለካለን?

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው። «የጨለማ ቁስ መፈለጊያው የሚሠራበት ብረት በጋማ መለኪያ (ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚወጣውን ጨረር በሚለካው) ንጹህ ከተባለ፣ የሚወጣውን ራዶን ለብቻ መለካት ለምን አስፈለገ?» ብለሻል።

ጋማ መለኪያው የሚነግርሽ በብረቱ ውስጥ በጠቅላላ ምን ያህል ራዲየም (ሲበሰብስ ራዶን የሚሆነው ንጥረ ነገር) እንዳለ ነው። ስንቱ ራዶን አምልጦ እንደሚወጣ አይነግርሽም። ራዶን ጋዝ ነው። ራዲየሙ ላዩ ላይ፣ ብየዳው ላይ ወይም የጎማ ማሸጊያው ውስጥ ካለ፣ ትንሽ ቢሆንም ጋዙ ይወጣል። ብረቱ ውስጥ ጠልቆ ከተቀበረ ግን እዚያው ይቀራል። በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የጨለማ ቁስን (ብርሃን የማያወጣውን፣ በስበቱ ብቻ የታወቀውን ቁስ) የሚፈልጉት ሰዎች የሚቸገሩት በወጣው ነው። ራዶኑ ምልክቱን ከሚጠብቁበት ፈሳሽ ዜኖን ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ራዶኑ ደረጃ በደረጃ ሲበሰብስ የሚገኘው የልጅ ልጁ ሊድ-214 የሚረጨው ቤታ (ፈጣን ኤሌክትሮን) የሚፈለገውን ምልክት ይሸፍናል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ናሙናውን በንጹህ የብረት ዕቃ አሽገሽ ትጠብቂያለሽ። የራዶን-222 ግማሽ ዕድሜ 3.8 ቀን ስለሆነ፣ በ2 ሳምንት ከመጨረሻው መጠን 92 በመቶ ገደማ ይጠራቀማል። በሂሊየም ጠርገሽ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ከሰል ትይዢዋለሽ። ቀጥሎ አሙቀሽ ወደ መለኪያው ትልኪና አልፋዎቹን (ሲበሰብስ የሚወጡትን ቅንጣቶች) ትቆጥሪያለሽ።

አደራ የምልሽ ግን ባዶ ዕቃውን አስቀድመሽ እንድትለኪ ነው። ዕቃውም ከሰሉም የራሳቸው ራዶን አላቸው። ያን ሳትቀንሺ ምንም ቁጥር አትጻፊ።

ለመመረቂያ ሥራሽ የደሴን ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) መሞከርሽን ወድጄዋለሁ። ባዛልት ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየም (የራዲየሙ ምንጭ) ስላለው ብዙ ናሙና ያዢ። አትፍጪው ግን፤ መፍጨት ገጹን ስለሚያሰፋ ልቀቱን ይቀይረዋል።