ሽንቴ ቀላ፤ መድኃኒቱን ልተወው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት ሕክምና ሲጀምር እኔም ተመርምሬ በሽታው የለብሽም ተባልሁ፤ ሆኖም በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ መከላከያ ለሦስት ወር ታዘዘልኝ። ስድስት ጊዜ ከዋጥሁ በኋላ ሽንቴ እየቀላ ስላስፈራኝ፣ ጎረቤቶቼም «ሳያምሽ ምን ያስውጥሻል?» ስላሉኝ፣ ካቋረጥሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ምን ይሻለኛል? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ቢቀጥሉ ይሻላል። ሙሉው ሕክምና 12 ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 11ዱ በ16 ሳምንት ውስጥ ከተዋጡ እንደተጠናቀቀ ስለሚቆጠር፣ ዛሬ ነገ ካላሉ ጊዜው ይበቃዎታል። ያመለጠውን ለማካካስ ግን ደርበው አይዋጡ፤ ካርድዎንና የተረፈውን ኪኒን ይዘው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂዱ።

ሽንትዎን ያቀላው ሪፋፔንቲን የተባለው መድኃኒት ነው። ላብንና እንባንም ሳይቀር ብርቱካንማ ያደርጋል እንጂ ጉዳት የለውም፤ ይህ መድኃኒቱ ሲሰጥዎ ሊነገርዎት የሚገባ ነገር ነበር። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ከዘጋዎትና ካስመለሰዎት፣ ወይም ሽንትዎ እንደ ወፈረ ሻይ ከጠቆረ ጉበትዎ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጣዩን ሳይውጡ በዚያው ዕለት ይታዩ። አረቄና ሌላ የአልኮል መጠጥ ይህን አደጋ ስለሚያባብስ እስኪጨርሱ ድረስ ባይጠጡ መልካም ነው።

የጎረቤቶችዎ ጥያቄ ከሽንቱ ቀለም ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቆም ይመስለኛል፤ ደኅና ሆኖ መድኃኒት መዋጥ በእርግጥም ይከብዳል። ነገር ግን ተሕዋሲው ምንም ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ አድፍጦ ሊቆይ ይችላል፤ ከተያዙት 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በዕድሜያቸው ውስጥ ይታመማሉ፣ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት። አንድ ጣሪያ ሥር ከታማሚ ጋር የኖረ ሰው ደግሞ በቅርቡ ተይዞ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይመረጣልና ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ በተለይ የሚጾሙ ከሆነ፣ ባለሙያውን አማክረው ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዛውሩት። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት ከመጣ መከላከያው ይበቃኛል ብለው አይጠብቁ፤ እንደገና መመርመር አለብዎት። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ወይም በክንድ የሚቀበረውን የሚጠቀሙ ከሆነም ሪፋፔንቲን ኃይሉን ስለሚቀንስ፣ ኮንዶም እንዲጨምሩ ወይም ሌላ ዘዴ እንዲመረጥልዎ ለባለሙያው ይንገሩ።